ባዶ የተመለሰው ምሳ ዕቃ

አዲስ አበባ፣ ጉለሌ
መስከረም 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

ባይወልዱኝም አሳድገው ለወግ ላበቁኝ ለእናቴ ለእትዬ ዘርትሁን
ጅማ

ጽጌረዳ፣ ከሁሉ በፊት ለአንቺ አንድ ቃል አለኝ። ይህን ደብዳቤ እንደ ሌላው ጊዜ እናትሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ከላይ እስከ ታች እንዳታነቢላት። መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው። ባለሱቁ ፈድሉ ምሳ ዕቃውን ሲያስረክብሽ የታችኛውን ሳህን ብቻ ክፈቺ ብሎ የነገረሽ ለዚህ ነው። ስንቅ ስፈትሽ የኖርኩ ሴት ነኝና ወረቀት የት ቢደበቅ እንደማይገኝ አውቃለሁ። የላይኞቹን ሳህኖች እናትሽ ራሷ ትክፈታቸው፣ ሁሉን ከሰማች በኋላ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ዘንድሮ ክረምቱ እንዴት አደረገው? የጅማ ዝናብ እንደ እንጦጦ ዝናብ አጥንት አይገባም ይላሉ፤ እውነት ከሆነ ደስ ይለኛል። እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ሙሉ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷ በር አልፏል፣ ምላሷም እንደዚያው። የድሮው ግቢዎ ኮክ ነሐሴ ላይ ጥሩ አፍርቶ ነበር፤ አሁን የገቡት ተከራዮች አንድ ሳህን ልከውልኝ ፍሬውን ይዤ ሳልበላው ዋልኩ። ከተማው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሙሽራ መስሏል። ከአዲሱ ገበያ እስከ ዊንጌት ያለው ቆርቆሮ አጥር ሁሉ ቀለም ተቀባ። የእኔንም ቀቡልኝ። ጣራው ግን ያው እንደሚያውቁት ያፈሳል።

እንግዲህ ወሬ አበዛሁ። ወሬ ሳበዛ የምፈራው ነገር እንዳለ እርስዎ ያውቁብኛል።

በጳጉሜን ያስጻፉት ደብዳቤ መስከረም 7 ቀን ደረሰኝ። «ለአሥረኛው ዓመት ምሕረት ይደረጋል ይባላል፤ የዓምሃ ስም ካለበት ጠይቂልኝ። ከሌለም ያለበትን እስር ቤት ብቻ አጣሪልኝ፣ ጥቅምት ሲጠባ መጥቼ ደጁ ላይ እቆማለሁ» ብለዋል። ጋቢ አስፈትለው እንዳሠሩለት፣ ቤተ ክርስቲያንም በየወሩ የክርስትና ስሙን ከሕያዋን ጋር እንደሚያስጠሩለት ነግረውኛል። ቀበሌው ግቢ ውስጥ መጥረጊያዬን ይዤ ነው ያነበብኩት። መጥረጊያው ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላውቅም።

አይምጡ፣ እትዬ። የሚቆሙበት ደጅ የለም።

ጽጌረዳ፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ አቁሚ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወግ አያውቅም። ግን አጠገቧ ብሆንም አፌ እንደማይከፈት ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው ያየሁት። ማታውን ደህና አድርገሽ አብያት፣ ባዶ ሆዷን እንዳትሰማ። ለጎረቤቶቻችሁ ቀድመሽ ንገሪና በማለዳ ይሰብሰቡ። አንዲት ጠንካራ ሴት አጠገቧ ትቀመጥ፣ ደረቷን ስትመታ እጇን የምትይዝላት። ከዚያ በአፍሽ «ዓምሃ ሞቷል» በያት። እንዴት ብሎ የሚጠይቅ ካለ «ታሞ» በዪ። የቀረውን ለቀስተኛው ሲበተን ለእሷ ብቻ አንብቢላት። ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ። ለእኔ አዝነሽም አንድ መስመር እንዳትዘልዪ።

እትዬ፣ አሁን አልቅሰዋል። አሁን ደግሞ እኔን ይስሙኝ።

ዓምሃ የሞተው ጥር 7 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፣ እሑድ፣ የሥላሴ ዕለት። ተዛውሯል ያልኩዎት ውሸት ነው። የተዛወረበት ቦታ የለም።

ያንን ጋራዥ መቼም አይረሱትም። ቀበሌው ከወረሰው ቪላ ጓሮ ያለው፣ ለአንድ መኪና ተሠርቶ ሠላሳ ምናምን ልጆች የታጨቁበት። እኔ ከሴቶች ማኅበር ተመድቤ በሩ ላይ ስንቅ ተቀባይ ነበርኩ። ያመጣችው እናት ትቀምሳለች፤ እኔ በማንኪያ አገላብጬ ወረቀት እንደሌለበት አያለሁ፤ አስገባለሁ፤ ዕቃውን መልሼ አወጣለሁ። ማንም ያልጻፈው፣ ሰፈሩ ሁሉ ግን የሚያውቀው አንድ ደንብ ነበር። ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ልጅ አለ። እንደተሞላ ከተመለሰ ልጅ የለም። ያኔ እናቲቱ ምንም አትጠይቅም። ምሳ ዕቃዋን አቅፋ ትሄዳለች፣ ምክንያቱም እዚያ በር ላይ ማልቀስ ክልክል ነው።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማድዎ መጡ። ሽሮ ነበር፣ ከላዩ የተሰነጠቀ ቃሪያ ነበረው። እርስዎ ቀመሱ። ለእኔም ጠቅልለው አጎረሱኝና «ከአንቺ እጅ ሲሆን ልቤ ያርፋል፣ ታዩ» አሉኝ። እየዋጥኩ ገባሁ። ከበሩ በስተቀኝ ያለው የዓምሃ ጥግ ባዶ ነበር። ስብሐትን ያስታውሱታል፣ የእንጦጦ ማርያሙን ዲያቆን፣ ያንን ቀጭን ልጅ?

«ትናንት ወሰዱት፣ እማማ ታየች» አለኝ። «ስድስት ሆነው ነው የወጡት። ጫማቸውን አስወልቀዋቸዋል።»

ጫማውም እዚያው ነበር፣ እርስዎ ያስገዙኝ ቡናማው ሸራ ጫማ። ጽሕፈት ቤት ሮጬ ዝርዝሩን አየሁ። ስሙ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ቀይ መስመር ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ምሳ ዕቃውን ይዤ ቆምኩ። ከጋራዡ እስከ እርስዎ ድረስ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እንደተሞላ ይዤው ብወጣ ምንም መናገር አያስፈልገኝም ነበር፤ አይተው ይረዱ ነበር። ያንን ሃያ እርምጃ መራመድ አቃተኝ። ሽሮውን እዚያው ለታሰሩት ልጆች ገለበጥኩላቸውና ባዶውን ይዤ ወጣሁ።

«በላ?» አሉኝ።

«በላ» አልኩዎት። ፊትዎ እንዴት እንደበራ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ለእትዬ ብዬ ነው፣ ልቧ እንዳይቆም ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ብዙ ዘመን ሳታልል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ፈራሁ። ምስጢር አወጣች ብለው እኔንም እዚያው እንዳይከቱኝ፣ አባት የሌላቸው ሦስት ልጆቼ ሜዳ ላይ እንዳይበተኑ ፈራሁ። ያንን የበራ ፊትዎን ማግስቱን ማየትም ፈልጌ ነበር። ይሄም እውነት ነው፣ ከሁሉም የባሰ የሚያሳፍረኝም ይሄ ነው።

ማክሰኞም መጡ። ረቡዕም የጾም ምስር ይዘው መጡ። ለጥምቀት ነጭ ሸሚዝ አመጡለት፤ ሸሚዙን ስብሐት ለበሰው። በየቀኑ ይቀምሳሉ፣ በየቀኑ ያጎርሱኛል፣ በየቀኑ እውጣለሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ውሸት ግን በየቀኑ ስንቅ ሲጨመርበት እያደር ከበደ።

አንድ ቀን ደግሞ፣ ይህን ከጻፍኩት ሌላው ሁሉ ይቀልለኛል፣ ቤቴ አንዲት ጭብጥ ዱቄት አልነበረም። ግማሹን ለእስረኞቹ ገለበጥኩ፤ ግማሹን በነጠላዬ ሸፍኜ ቤቴ ወሰድኩት። ሙሉ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። አንዴ ጎረሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ የእትዬ ዘርትሁን ወጥ ነው እንዴ? መጥተው ነበር?»

«ዝም ብለሽ ብዪ» አልኳት።

እንዴት አታውቀው። እኔም የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከሰላሌ ካመጡኝ ጀምሮ ያደግሁት በዚያ እጅ ነው። ዓምሃ ሲወለድ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ እርስዎ ገበያ ሲወጡ በአንቀልባ ያዘልኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የተናገራት ቃልም «ታዩ» ነበረች፣ እርስዎም ግማሽ ቀን አኮረፉኝ። የዚያን ልጅ ምሳ፣ እሱ ከሞተ በኋላ፣ ለልጆቼ አበላሁ።

የካቲት 17 ቀን ጠዋት ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻልኩም። «ተዛውሯል፤ ሩቅ አገር ነው፤ ስንቅ አይቀበሉም» አልኩዎት። ሌላ ሰው ቢልዎት አያምኑም ነበር። ከእኔ አፍ ስለወጣ አመኑ። ምሳ ዕቃውን ልመልስልዎት ስል «አንቺ ጋ ይቆይ፣ የተፈታ ዕለት መጀመሪያ የሚበላበት ይሁን» ብለው ትተውልኝ ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ ከመደርደሪያዬ ሆኖ ሲያየኝ ኖረ። በእጀታው ላይ ስሙን የጻፍኩበት ፕላስተር እንኳ አልተላጠም።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ያ ጋራዥ መታሰቢያ ቤት ሆኗል።

አይደንግጡ፤ የልጆቻችን አይደለም። በዚያው ዘመን በጥይት የተገደሉ የቀበሌ ሰዎች ናቸው «የአብዮቱ ሰማዕታት» ተብለው የተሰቀሉት። እነሱም የእናት ልጆች ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ስለ ሌሎቹ፣ እዚያው መሬት ላይ ተኝተው ስለ ነበሩት፣ አንዲት ቃል የለም። ወለሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ግድግዳውንም ኖራ የቀባሁት እኔው ነኝ። ዓምሃ ጀርባውን ያስደግፍበት የነበረው ጥግ ወዝ ይዞ ኖሮ ኖራው አልይዝ አለኝ። ሦስት ጊዜ ቀባሁት።

ሥራውን የያዘው ኢታና የሚባል ወጣት ካድሬ ነው። ከነቀምት ተዛውሮ የመጣ ስለሆነ የያኔውን ነገርም ፊቶቹንም አያውቅም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሲያልፍ ሲያገድም ባልዲዬን ይሸከምልኛል። አሥራ ሁለት ፍሬም አሠርቶ አሥራ አንድ ፎቶ ብቻ አገኘ። የዘበኛው የወልዱ ጠፋ። ወልዱ ዘመድ አልነበረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ የተነሣም አይመስለኝ። ለእስረኞቹ ውኃ ሲደብቅላቸው አይቼዋለሁና አሁን የምነግርዎት በእሱም ላይ የሠራሁት ግፍ ነው።

«እማማ ታየች» አለኝ ኢታና፣ «እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት። የጓድ ወልዱ ፎቶ ያለው ሰው አያውቁም? ነገ አለቆቹ ሊያዩ ይመጣሉ፤ ባዶ ፍሬም ሰቅዬ ምን ልበላቸው?»

«እኔ ጋ አለ» አልኩት።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ቤቴ ሄጄ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ የዓምሃን ጉርድ ፎቶ አወጣሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊፈተን ሲል አዲሱ ገበያ የተነሣውን፣ የኮሌታው አንዱ ጎን ተነሥቶ «ምናለ ብታስተካክዪለት» ብለው የተቆጡኝን። ኢታና ተቀብሎ አየው።

«እንዲህ ወጣት ነበር እንዴ? ዘበኛ ሲሉኝ ሽማግሌ መስሎኝ!»

«ወጣት ነበር» አልኩት።

ፎቶውን በትልቁ አሳጥበው አምጥተው ሰቀሉት። ከሥሩ «ጓድ ወልዱ» ተብሎ ተጽፏል። ፊቱ ግን የልጅዎ ነው። የተሰቀለውም ከበሩ በስተቀኝ ነው፣ በዚያው ጥግ።

መስከረም 4 ቀን ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት ተባለ። ያኔ ወረቀት ይዞ በዚያ በር ላይ ስም እየጠራ የሚያስወጣው ሰው ዛሬ ትልቅ ሹም ሆኗል፤ ስሙን አልጽፍም። መጥቶ ከዓምሃ ፊት ለፊት ቆመ። ቆቡን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ። ሲጨርስ ቀና ብሎ ፎቶውን ደህና አድርጎ አየው። አላወቀውም። ቢያውቀው አልቆልኝ ነበር፣ እንዲያውቀውም አልፈለግሁም። ግን አለማወቁ አንጀቴን አቃጠለው። ሰው የገደለውን እንኳ አያስታውስም?

የሰፈሩ ሰው ግን አወቀው። እየመጡ ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ይወጣሉ። አንድም ሰው አልተነፈሰም። ባለሱቁ ፈድሉ ቆቡን አውልቆ ብዙ ቆመና ኢታና እየሰማ ጮክ ብሎ «ይሄ ወልዱ ነው አይደል?» አለኝ።

«ነው» አልኩት።

«አላህ ይዘንለት። ልጅ ሆኖ ከእኔ ሱቅ ከረሜላ ሲገዛ ትዝ ይለኛል» አለና ወጣ። ይህን ደብዳቤ ለማን አምኜ ልስጥ ብዬ ያልተጨነቅሁት ለዚህ ነው።

በማግስቱ ልጠርግ ስገባ ከዓምሃ ፎቶ ሥር የአደይ አበባ እቅፍ ተቀምጦ አገኘሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲጠወልግ ይቀየራል። ማን እንደሚቀይረው አልጠየቅሁም። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ቀለል አለኝ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዎ ደረሰ። ምሕረት አለ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ፎቶውን ሰቅዬ ለእርስዎ ዝም ማለቴ ያው ባዶ ምሳ ዕቃ ይዞ መውጣት መሆኑ ገባኝ።

ፊቱን መለስኩለት እንጂ ስሙን አልመለስኩለትም። ያንን ማድረግ የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ለጅማው ንስሐ አባትዎ ይንገሩና ወልደ ሚካኤል የሚለው የክርስትና ስሙ ከሕያዋን ወጥቶ ከሙታን ጋር ይጠራ። ሰባት ዓመት ሊሞላ ነፍሱን የሚያስብለት ያጣው በእኔ ነው።

ተዝካሩ ግን አልወጣለትም ብለው እንዳያዝኑ። ይህን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ሌላ የምሰጥዎት ስለሌለኝ ነው።

የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ዓመት ዓመት የሚዘክሩባት ቀን አይደለች? በዚያ ዓመትም አላስታጎሉም። «ለጓደኞቹም ይድረስ» ብለው ከምሳ ዕቃው ሌላ ዶሮውን በትልቁ ድስት፣ እንጀራውን በመሶብ አሸክመው መጡ። ይዤ ስገባ ልጆቹ እንደ ሌላው ቀን አልተንጋጉም። ስብሐት የዓምሃን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሞ ነበር።

«እማማ ታየች፣ ዛሬ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለኝ። «አርባው ነው።»

እኔ አልቆጠርኩም ነበር። እነሱ ቆጥረዋል። ለመጠጥ በተሰጣቸው ውኃ ተራ በተራ እጃቸውን ታጠቡ። እንጀራውን ለሠላሳ አንድ ቆረሱት። ስብሐት ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ደገመለት፣ አቡነ ዘበሰማያትም አለ። ሁሉም በሹክሹክታ «ነፍስ ይማር» አሉና እርስዎ የሠሩትን በሉ፤ አንዱም ቀድሞ አልጎረሰ፣ አንዱም አልተሻማ። ስብሐትንም በመጋቢት ወሰዱት፣ በዚያው ሸሚዝ። የእሱን አርባ የቆጠረለት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ወጥቼ በሩ ላይ ሲጠብቁኝ አገኘሁዎት።

«ወደደው?» አሉኝ።

«ምንም አልተረፈም» አልኩዎት። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ከነገርኩዎት እውነቱ ያ ብቻ ነበር። እትዬ፣ የልጅዎን ተዝካር በገዛ እጅዎ አውጥተዋል።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ የሚለመን ነገር አይደለም። ቢረግሙኝም ቃል አይወጣኝም። ልጆቼን ብቻ ከእርግማኑ ያውጡልኝ፤ ሳያውቁ ነው የበሉት። ደብዳቤውን ጽጌረዳ ስትጨርስ ታቃጥለው።

ኪዳነ ምሕረት እንባዎን ታብስልዎት። ጉልበትዎን ታጽናልዎት። ጽጌረዳን ወልዳ ስማ ያሳይዎት፤ የልጇ ልጅም ጉልበትዎ ላይ ይደግ። ያንን ጋቢ ለሌላ አይስጡት፤ ብርድ ሲሆን እርስዎ ይልበሱት።

ምሳ ዕቃዎን መልሻለሁ። ያንን ዓምሃ የሚወደውን ዳቦ ቆሎ ሠርቼ ሁለቱን ሳህን እስከ አፋቸው ሞልቻቸዋለሁ። ሲከፍቱት እንደተሞላ ያገኙታል።

በዚያ ሰኞ ሃያ እርምጃ ያቃታት
ታየች